የቤዚንግስቶክ ቦይ፣ የሂዝ ምድርና የእግር መንገዱ ታሪክ

ከለንደን በስተደቡብ ምዕራብ በሚገኙት በሰሪና በሃምፕሻየር አውራጃዎች፣ የቤዚንግስቶክ ቦይ በመባል የሚታወቀውን ሰው ሠራሽ የውሃ መስመር ተከትሎ የሚዘልቀው የእግር መንገድ አቀበትና ቁልቁለት የማይበዛበት፣ ሽማግሌውም ሕፃኑም ሳይደክም የሚንሸራሸርበት ጎዳና ነው። በግራና በቀኙ ሦስት ዓይነት መልክዓ ምድር ይፈራረቃል፤ አንደኛው የኦክ፣ የበርችና የፓይን ዛፎች የሞሉበት ደን፣ ሁለተኛው እንግሊዞች «ሂዝ» የሚሉት፣ ለምነት በሌለው አሸዋማ አፈር ላይ የሚበቅል አጭር ቁጥቋጦ የሸፈነው ገላጣ ሜዳ፣ ሦስተኛው ደግሞ ቦዩ ራሱ ነው። መንገደኛው ሦስቱንም የተፈጥሮ ሥራ አድርጎ ቢያያቸው አይፈረድበትም፤ የአካባቢው ታሪክ የሚመሰክረው ግን ሦስቱም በሰው እጅ የመጡ መሆናቸውን፣ ሦስቱም ለዕለት ጉርስና ለንግድ ሲባል ተበጅተው ኋላ ላይ የቀድሞ ጥቅማቸው ሲያከትም ለሽርሽር የተረፉ መሆናቸውን ነው። በዚህ ትረካ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከአፈሩ ነው። በዚህ አካባቢ መሬቱን የሸፈነውና በሥነ ምድር ሊቃውንት ዘንድ የባግሾት አሸዋ የሚባለው ደለል የዛሬ 50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ ስፍራው ጥልቀት የሌለው የባሕር ዳርቻ በነበረበት ዘመን የተከማቸ ነው። ከመጨረሻው የበረዶ ዘመን በኋላ ይህ አሸዋማ ምድር በደን ተሸፍኖ ነበር፤ ይሁን እንጂ ከአዲሱ የድንጋይ ዘመን መጨረሻ አንሥቶ በተለይም በነሐስ ዘመን፣ ማለትም የዛሬ አራት ሺህ ዓመት አካባቢ፣ ገበሬዎች ዛፉን እየመነጠሩ ማረስና ከብት ማሰማራት ጀመሩ። ደኑ ሲነሣ ዝናቡ በአሸዋው ውስጥ ሠርጎ የአፈሩን ንጥረ ነገር ወደ ታች ስላጠበው፣ ከጥቂት ትውልድ በኋላ ማሳው እህል መስጠቱን አቆመና ገበሬው ትቶት ሄደ። በቦታው የተተካው በነሐሴ ወር ሜዳውን ሐምራዊ አበባ የሚያለብሰው «ሄዘር» የተባለ ቁጥቋጦ ሲሆን፣ ይህም በሰሜንና በባሌ ተራሮች የሚበቅለው የአስታ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ልዩነቱ አስታ እንደ ዛፍ ሊያድግ ሲችል ሄዘር ከጉልበት እምብዛም አለማለፉ ነው። በዎኪንግ ከተማ አጠገብ በሚገኘው በሆርሰል የወል መሬት ላይ ዛሬም የሚታዩት የነሐስ ዘመን የመቃብር ጉብታዎች የእነዚያ የመጀመሪያዎቹ መንጣሪዎች ዐሻራ ናቸው።

በመካከለኛው ዘመን ሂዙ ለእርሻ ባይሆንም ዋጋ ቢስ ግን አልነበረም። መሬቱ በስም የባላባቱ ቢሆንም የመንደሩ ነዋሪዎች በልማድ የጸና የመጠቀም መብት ነበራቸው፤ እንዲህ ያለው መሬት የወል መሬት፣ ተጠቃሚዎቹም ባለወል ይባሉ ነበር። መብቱ በጥንቃቄ የተከፋፈለ ነበር፤ አንዱ ላምና በግ የማሰማራት፣ ሌላው ከነሥሩ እንደ ምንጣፍ የተገፈፈ ሣር ቆርጦ ለማገዶ የማድረቅ፣ ሦስተኛው ጭራሮና እንጨት የመልቀም፣ አራተኛው በመከር ወራት ከኦክ ዛፍ የረገፈውን ፍሬ እንዲበሉ አሳማዎችን ወደ ደን የመንዳት መብት ነበር። «ጎርስ» የሚባለው ቢጫ አበባ ያለው እሾሃማ ቁጥቋጦ እሳቱ ኃይለኛ ስለሆነ ለዳቦ ምድጃ ይፈለግ ነበር፤ ሄዘሩ ለጣሪያ ክዳንና ለመጥረጊያ፣ የሜዳው ፈርን ደግሞ ለከብት ጉዝጓዝ ይታጨድ ነበር። ደኑም ቢሆን እንዲሁ የሚቆረጥበት ሥርዓት ነበረው፤ ዛፉ ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ ይቆረጥና ከጉቶው የሚያቆጠቁጡት ቀጫጭን ግንዶች በተወሰነ ዓመት አንድ ጊዜ ለአጥር፣ ለመሣሪያ እጀታና ለከሰል ይታጨዱ ነበር። ሂዙ ሂዝ ሆኖ የቆየው በዚህ የማያቋርጥ ግጦሽ፣ አጨዳና ቃጠሎ ነው፤ ሰውና ከብት ፊታቸውን ካዞሩ ከሃያና ሠላሳ ዓመት በኋላ በርችና ፓይን ይወርሱታል። ኋላ እንደሚታየው፣ የዛሬው መንገደኛ «ጥንታዊ ደን» እያለ ከሚያደንቀው ጫካ ከፊሉ የተወለደው በዚሁ መንገድ፣ ባለወሎቹ ከብታቸውን ማሰማራት ካቆሙ ወዲህ ነው።

በምዕራቡ ጫፍ፣ አፈሩ ከአሸዋ ወደ ኖራማ ድንጋይ በሚለወጥበት አካባቢ፣ ንጉሥ ጆን ከ1207 ጀምሮ የኦዲሃምን ግንብ አሠራ፤ በ1215ም የንጉሡን ሥልጣን የገደበውን ማግና ካርታ የተባለውን ውል ለመቀበል ወደ ራኒሚድ የወረደው ከዚሁ ግንብ ተነሥቶ እንደሆነ ይነገራል። በማግሥቱ ዓመት 13 ሰዎች ብቻ የሚጠብቁት ይህ ግንብ ለፈረንሳዩ ልዑል ሉዊ ሠራዊት ወዲያው እጁን ሳይሰጥ ለቀናት ተከላክሏል። ዛሬ ከድንጋይ ክምር ብዙም ያልተሻለው ፍርስራሽ የቦዩን ዳር ይዞ ለሚሄድ ሰው ጥቂት ርምጃ ርቆ ይታያል።

የወሉ መሬት ለባለወሎቹ የኑሮ መሠረት ቢሆንም ለከተሜው ጸሐፊ ግን አስፈሪ ምድረ በዳ ነበር። ዳንኤል ዴፎ በ1720ዎቹ ባሳተመው የታላቋ ብሪታንያ የጉዞ መጽሐፉ የባግሾትን ሂዝ ከዐረብ አሸዋ ጋር አነጻጽሮ ለምንም የማይረባ መሬት አድርጎ ገልጾታል፤ ከመቶ ዓመት በኋላም ለገበሬዎች በመከራከር የታወቀው ዊልያም ኮቤት በፈረስ ሲዞር የአካባቢውን ሂዝ አምርሮ ተሳድቧል። ዴፎ የተመለከተው በነጋዴና በመሬት አራሽ ዓይን ነው፤ ማገዶዋን ከዚያ የምትሸከም ሴት ብትጠየቅ ሌላ መልስ በሰጠች ነበር። በዚያ ዘመን ሂዙን የሚያቋርጥ መንገደኛ ሽፍታ የሚፈራ እንጂ ለመንፈስ እርካታ የሚንሸራሸር አልነበረም፤ በእግር መሄድ የድኻ ዕጣ ፈንታ ነበር።

ይህንን «የማይረባ» ምድር ለማልማት ከታሰቡት ዘዴዎች ዋነኛው የውሃ መንገድ ሆነ። መሠረቱ ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ተጥሎ ነበር፤ ሰር ሪቻርድ ዌስተን የተባለ የሰሪ ባለርስት በጠነሰሰው ዕቅድ የዌይ ወንዝ ተጠርቦ በ1653 ከጊልድፎርድ እስከ ቴምዝ ወንዝ ለጀልባ ክፍት ሆነ። በ1770ዎቹ እንግሊዝ በቦይ ግንባታ ስትጥለቀለቅ የቤዚንግስቶክ ከተማ ነጋዴዎችም ከዌይ ወንዝ የሚነሣ ቦይ ለመቆፈር ተማከሩ፤ እንጨት፣ እህልና ዱቄት ወደ ለንደን ሊልኩ፣ በምላሹም ድንጋይ ከሰልና ሸቀጥ ሊያስመጡ ነበር ሐሳባቸው። የሂዙን አሸዋ በኖራና በማዳበሪያ አለስልሶ እርሻ የማድረግ ተስፋም ነበረበት። ፓርላማው የፈቃድ ሕጉን በ1778 ቢያጸድቅም የአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ገንዘቡን ሁሉ ስላደረቀው ቁፋሮው የተጀመረው ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1788 ነው። መሐንዲሱ በዘመኑ ስመ ጥር የነበረው ዊልያም ጄሶፕ፣ ሥራ ተቋራጩ ደግሞ ጆን ፒንከርተን ነበሩ።

ሥራው በአካፋ፣ በዶማና በእጅ ጋሪ ብቻ የተሠራ መሆኑ ሲታሰብ ያስደንቃል። አሸዋ ውሃ ስለማይቋጥር የቦዩ ሆድ በሸክላ አፈር መለሰን ነበረበት፤ ሠራተኞቹም የጭቃ ቤት ሠሪ ጭቃ እንደሚያቦካው ሁሉ ሸክላውን በውሃ እያራሱ በእግራቸው ረግጠው ካለሰለሱ በኋላ በድርብርቡ ይለስኑት ነበር። የመሬቱን ከፍታ ለመቋቋም 29 «ሎኮች» ተገነቡ። ሎክ ማለት በላይና በታች በኩል መዝጊያ ያለው በጡብ የተሠራ ገንዳ ሲሆን፣ ጀልባው በታችኛው በር ገብቶ በሩ ሲዘጋ ከላይኛው ቦይ ውሃ ይለቀቅበትና ጀልባው ከውሃው ጋር ወደ ላይ ይነሣል፤ ሲወርድ ደግሞ ውሃው ወደ ታች ይፈስሳል። ከ29ኙ 14ቱ በዲፕከት መንደር አጠገብ እየተከታተሉ ተደርድረዋል፤ ከእነርሱ ቀጥሎ ቦዩ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል በጥልቅ ተቆፍሮ ኮረብታውን ሰንጥቆ ያልፋል። ዛሬ በዛፍ የተጋረደውና በበጋ እንኳ ቀዝቃዛ የሆነው ይህ ሰርጥ ሲቆፈር ግራ ቀኙ ዛፍ አልባ ሂዝ ነበር።

በመጀመሪያው ዕቅድ ቦዩ በምዕራብ በኩል ሰፊ ዙር ሊዞር ነበር፤ ሆኖም አርል ቲልኒ የተባሉ ባላባት ቦዩ በግቢያቸው መሬት እንዳያልፍ ስለተቃወሙ አቅጣጫው ተለውጦ በግሬይዌል ኮረብታ ሥር 1,230 ያርድ፣ ማለትም 1,125 ሜትር ገደማ የሚረዝም ዋሻ ተፈለፈለ። ዋሻው ጠባብ በመሆኑ በውስጡ የፈረስ መንገድ አልነበረውም። ከቦዩ ዳር በሌላው ቦታ ሁሉ ጀልባውን በገመድ የሚጎትተው ፈረስ የሚሄድበት የጉተታ መንገድ ነበር፤ ይህ መንገድ ነው ዛሬ የእግረኞች መንገድ የሆነው። ጀልባው ከዋሻው አፍ ሲደርስ ግን ፈረሱ ይፈታና አንድ ሰው በኮረብታው አናት ላይ እየሳበ ወደ ማዶ ያሻግረዋል፤ ጀልባተኞቹ ደግሞ በጀልባው ላይ በተጋደመ ሳንቃ በጀርባቸው ተኝተው፣ እግራቸውን በዋሻው ግድግዳ ላይ እየረገጡ፣ በድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ጭነቱን በእግራቸው ጉልበት እየገፉ ያልፉ ነበር። ባለ ብዙ ቶን ጀልባ በጭን ጡንቻ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ መግፋት ምን ያህል እንደሚያደክም ለመገመት አያዳግትም። ዋሻው ከተዘጋ ዘመናት ቢያልፉም የዛሬው እግረኛ በዋሻው ሲገታ ኮረብታውን በላይ አቋርጦ የሚወርደው በፈረሱ ፈለግ ነው።

ቦዩ በመስከረም 1794 በሙሉ ርዝመቱ፣ ማለትም በ60 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ለአገልግሎት ክፍት ሆነ። የተገመተው ወጪ 86,000 ፓውንድ የነበረ ሲሆን ሥራው ሲያልቅ ግን ከ150,000 ፓውንድ በላይ ፈጅቷል፤ ከዚህ ዕዳ ኩባንያው ዕድሜ ልኩን አልወጣም። ከናፖሊዮን ጋር በተደረገው ጦርነት ጊዜ የባሕር ዳርቻ መርከቦች የፈረንሳይን ጥቃት ስለፈሩ የአገር ውስጥ ቦዮች ጭነት አግኝተው ነበር፤ ሰላም ሲሰፍን ግን ጭነቱ ወደ ባሕሩ ተመለሰ። ትልቁ ድክመት ቦዩ መጨረሻው ዝግ መሆኑ ነበር፤ በ1810 ከተከፈተው ከኬኔትና ኤቨን ቦይ ጋር ለማገናኘት የተነደፈው ዕቅድ ከወረቀት አላለፈም። በ1830ዎቹ ከለንደን ወደ ሳውዝሃምፕተን የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ ለግንባታው የሚሆነውን ቁሳቁስ ያመላለሰው ራሱ ቦዩ ሲሆን፣ ኩባንያው በዚያ ወቅት ያገኘው ገቢ ከታሪኩ ሁሉ ከፍተኛው ነበር። ባቡሩ በ1838 ዎኪንግ፣ በ1840 ሳውዝሃምፕተን ደረሰ፤ ቦዩም በገዛ ጀልባው ያጓጓዘው ተፎካካሪ ገበያውን ነጠቀው።

በዚያው ዘመን የወል መሬቶች በመላው እንግሊዝ እየታጠሩ ነበር። የክለላ ሕግ የሚባለው የፓርላማ ድንጋጌ ያንዱን መንደር የወል መሬት ሸንሽኖ በጥቂት ባለርስቶች ስም የሚያዛውር ሲሆን፣ ከ1604 እስከ 1914 ባለው ጊዜ ከ5,200 በላይ እንዲህ ያሉ ድንጋጌዎች ወጥተው 6.8 ሚሊዮን ኤከር፣ ይህም ከእንግሊዝ መሬት አንድ አምስተኛ ያህሉን ሸፍነዋል። የባግሾት አሸዋ ከዚህ በከፊል የተረፈው በቸርነት አይደለም፤ ለማጠሪያ የሚወጣውን ወጪ የሚመልስ ምርት ስለማይሰጥ ነው። ርካሽነቱ ግን ሌሎች ፈላጊዎችን ሳበ። በ1853 በቾብሃም የወል መሬት ላይ ታላቅ የጦር ልምምድ ተደርጎ ንግሥት ቪክቶሪያ ተገኝተው ሠራዊቱን ጎበኙ፤ በዓመቱም ጦሩ በኦልደርሾት ሂዝ ላይ ሰፊ መሬት ገዝቶ የብሪታንያን የመጀመሪያ ቋሚ የማሠልጠኛ ሰፈር ቆረቆረ። ሰፈሩ ሰሜንና ደቡብ ተብሎ ለሁለት የተከፈለው በቦዩ ነበር፤ የግንባታው እንጨትና ጡብም በጀልባ ስለመጣ ኩባንያው ጥቂት ዓመት ተነፈሰ። በዚያው በ1854 የለንደን መቃብሮች በመሙላታቸው በዚሁ የሂዝ ምድር በብሩክውድ ሰፊ የመካነ መቃብር ቦታ ተከፈተ፤ አስከሬኖች ከለንደን የሚመጡት በልዩ ባቡር ነበር።

ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር የሚያገናኘው አንድ ነጥብ እዚህ ላይ ይገኛል። በ1868 ከመቅደላ ውድቀት በኋላ ወደ እንግሊዝ የተወሰደው የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በ1878 የገባበት የሳንድኸርስት ወታደራዊ ኮሌጅ ከቦዩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በዚሁ አሸዋማ የሂዝ ምድር የተሠራ ነው። ልዑሉ ትምህርቱን ሳይጨርስ ኮሌጁን ለቅቆ በኅዳር 1879 በሊድስ ከተማ በ18 ዓመቱ ዐረፈ።

በእግር መንሸራሸር የክብር ሥራ የሆነው በዚያው በ1870ዎቹ አካባቢ ነው፤ ለዚህም ምክንያቱ ባቡሩ ነበር። የለንደን ፋብሪካዎች ጭስ ያንገፈገፈው ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰሪ መድረስ ቻለ። የቨርጂኒያ ዎልፍ አባት የሆነው ሃያሲ ሌስሊ ስቲቨን በ1879 «የእሑድ ተጓዦች» የሚባል ማኅበር አቋቁሞ ሐኪሞችን፣ ጠበቆችንና ፈላስፎችን በእሑድ ቀን ከለንደን ውጭ ያሉትን ኮረብታዎችና ሂዞች ያስኬድ ነበር፤ በተከለከለ መሬት መግባትንም ማኅበሩ እንደ ነውር አይቆጥረውም ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1865 የወል መሬቶች ጥበቃ ማኅበር ተመሥርቶ ባለወሎች ያላቸውን ጥንታዊ መብት በፍርድ ቤት እያነሣ አጥር ማስፈረስ ጀምሯል። የማኅበሩ ጠበቃ ሮበርት ሃንተርና ማኅበራዊ ተሟጋቿ ኦክታቪያ ሂል ከሌሎች ጋር ሆነው በ1895 ናሽናል ትረስት የተባለውን የቅርስ ጥበቃ ድርጅት አቋቋሙ። ትኩረት የሚስበው ነገር የክርክሩ መሣሪያ ነው፤ ለሽርሽር የሚሆን መብት በሕግ ስላልነበረ ጠበቆቹ የተጠለሉት ላም በማሰማራትና እንጨት በመልቀም መብት ሥር ነው፤ ከተሜው አየር እንዲቀበል የተረፈለት መሬት በገበሬው ማገዶ ስም ተከራክረው ያዳኑት ነው።

በ1895 ኤች ጂ ዌልስ የተባለው ደራሲ በዎኪንግ፣ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ በሜይበሪ መንገድ ቤት ተከራይቶ ሲኖር አካባቢውን በእግሩና በብስክሌት ይዞር ነበር፤ «የዓለማት ጦርነት» በተሰኘው ልቦለዱም የማርስ ፍጡራን መንኩራኩር የወደቀበት ቦታ የሆርሰል የወል መሬት የአሸዋ ጉድጓድ ነው። በ1910 የአካባቢው ነዋሪዎች የሆርሰል የወል መሬት ጥበቃ ማኅበርን መሠረቱ፤ ማኅበሩ እስከ ዛሬ መሬቱን ያስተዳድራል።

ቦዩ በዚህ ሁሉ መካከል እየሞተ ነበር። የመጀመሪያው ኩባንያ በ1866 ፈርሶ ሀብቱ ከአንዱ ከሳሪ ነጋዴ ወደ ሌላው ሲዘዋወር ቆይቷል። በ1913 አሌክ ሃርምስወርዝ የተባለ የጀልባ ባለቤት «ቤዚንግስቶክ» በተባለች ጀልባ ጥቂት አሸዋ ጭኖ እስከ ከተማዋ ለመድረስ ተነሣ፤ ዓላማው ቦዩ አሁንም አገልግሎት እንደሚሰጥ በማሳየት በሕግ እንዳይዘጋ መከላከል ነበር። ጀልባዋ በደረቀውና በሣር በተዘጋው ቦይ እየተንፏቀቀች ብዙ ሳምንት ብትጓዝም ከከተማዋ ሳትደርስ ቀረች። ሰውየው ተስፋ ሳይቆርጥ በ1923 ቦዩን ገዝቶ እስኪሞት በ1947 ድረስ አስተዳደረው፤ ከጭነቱ ይልቅ ለሽርሽር ጀልባ ማከራየት የተሻለ ገቢ መስጠት የጀመረው በእርሱ ዘመን ነው። በ1932 የግሬይዌል ዋሻ ጣሪያ ተደርምሶ የምዕራቡ ጫፍ ከቀረው ተቆረጠ።

የእግረኛው መብት በሕግ የተረጋገጠው እንዲሁ በጥቂት በጥቂቱ ነው። የ1925 የንብረት ሕግ በከተማ ክልል ውስጥ ባሉ የወል መሬቶች ላይ ማንም ሰው ለአየርና ለአካል እንቅስቃሴ እንዲገባ ፈቀደ። በሚያዝያ 1932 በሰሜን እንግሊዝ በኪንደር ስካውት ተራራ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወጣት ሠራተኞች የተከለከለውን ሂዝና ረግረግ ሆን ብለው በማቋረጣቸው 5ቱ ታሰሩ፤ የቅጣቱ ክብደትም የሕዝቡን ስሜት ወደ እግረኞቹ አዞረ። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲፋፋም በ1940 ጦሩ የጀርመንን ወረራ ለመመከት ቦዩን የታንክ መከላከያ መስመር አደረገው፤ በዳርቻው የተሠሩት የኮንክሪት ምሽጎች ዛሬ በሐረግ ተሸፍነው ይታያሉ። ሰላም እንደተመለሰ የወጣው የ1949 የብሔራዊ ፓርኮችና የገጠር መግቢያ ሕግ እያንዳንዱ አውራጃ ያሉትን የእግር መንገዶች በሙሉ በሕጋዊ ካርታ እንዲመዘግብ አስገደደ፤ በ1968 ደግሞ የመንገዶቹ መነሻ በምልክት እንዲታወቅ ተደነገገ። በእንግሊዝ አገር ገበሬ ማሳ መካከል ሳይከለከል የሚያልፈው መንገደኛ የሚተማመነው በእነዚህ ካርታዎች ነው።

ቦዩ በ1949 ከተሸጠ በኋላ ያለ ጠባቂ ቀረ። የሎኮቹ በሮች በሰበሱ፣ ውሃው ደረቀ፣ በ1968ም ከባድ ዝናብ ዳርቻውን ደረመሰው። ቀደም ብሎ በ1966 የተመሠረተው የሰሪና ሃምፕሻየር የቦይ ማኅበር ግን ባለቤቱን በመሞገትና የሕዝብ ድጋፍ በማሰባሰብ ሁለቱ የአውራጃ ምክር ቤቶች ቦዩን እንዲገዙ ወተወተ፤ የሃምፕሻየር ምክር ቤት በ1973፣ የሰሪው በ1976 ተረከቡት። ከዚያ በኋላ ለ18 ዓመት ገደማ የጡረተኛ፣ የተማሪ፣ የመሐንዲስና የሥራ አጥ እጅ ተባብሮ ቦዩን ቆፈረ፤ «ፐርሲቪራንስ» በተባለች በእንፋሎት የምትሠራ አሮጌ የጭቃ ማውጫ ጀልባ ለዓመታት ደለሉን ሲያወጡ፣ ሎኮቹንም በጡብ መልሰው ገነቡ። በግንቦት 1991 የኬንት መስፍን ባሉበት ከግሬይዌል ዋሻ እስከ ዌይ ወንዝ ያለው 51 ኪሎ ሜትር ያህል ቦይ ለጀልባ ተከፈተ። ዋሻው ሳይታደስ የቀረው ከጥገና ወጪው ሌላ በሌሊት ወፎች ምክንያት ነው፤ በፍርስራሹ ውስጥ የሚያንቀላፉት የሌሊት ወፎች በብሪታንያ ካሉት ትላልቅ መንጋዎች አንዱ ስለሆኑ በሕግ ይጠበቃሉ።

ቦዩ የተፈጥሮ ሀብት መሆኑ የታወቀው ለንግድ ከንቱ ከሆነ በኋላ ነው። ከግሬይዌል የኖራ ድንጋይ ምንጮች የሚፈልቀው ውሃ በካልሲየም የበለጸገ ሆኖ ይነሣና በአሸዋው ምድር ሲያልፍ እየለሰለሰ ስለሚሄድ፣ በአንድ ቦይ ውስጥ የተለያየ ውሃ የሚወዱ ዕፀዋት ተጠግተው ይኖራሉ፤ የብሪታንያ የውሃ ዕፀዋት ዝርያዎች ግማሽ ያህሉ እዚህ ተመዝግበዋል። ስለዚህም ቦዩ በ1995 ልዩ የሳይንስ ጠቀሜታ ያለው ስፍራ ተብሎ ተሰየመ። ይህ ስያሜ ግን ከጀልባ ተጠቃሚዎች ጋር ክርክር አስነሣ፤ ብዙ ጀልባ ሲያልፍ ውሃው ይደፈርስና ዕፅዋቱ ይጠፋል፣ ምንም ካላለፈ ደግሞ ሸምበቆ ቦዩን ይውጠዋል። ለእግረኛ ብዙም የማይታየው ሌላው ችግር የውሃ እጥረት ሲሆን፣ ከአንዳንዶቹ ሎኮች የሚወርደው ውሃ በፓምፕ ወደ ላይ ተመልሶ ይገፋል።

ሂዙም በበኩሉ በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከባድ ጉዳት ደርሶበታል። ከ1800 ወዲህ የእንግሊዝ ቆላ ሂዝ ከአምስት እጅ አራቱ ጠፍቷል፤ የተረፈውን ያሳሱት እርሻ፣ የደን ተከላ፣ የቤት ግንባታና መንገድ ናቸው፤ በ1970ዎቹም ኤም 3 የተባለው አውራ ጎዳና የቾብሃምን የወል መሬት ለሁለት ሰነጠቀው። በ1953 የጀመረው የጥንቸል ወረርሽኝ ሣሩን የሚያጭዱትን እንስሳት ስለጨረሰ በርችና ፓይን ቦታውን ለመውረር ፋታ አገኙ። በብሪታንያ በአብዛኛው በሂዝ የሚኖረው ዳርትፎርድ ዋርብለር የተባለው ትንሽ ወፍ ከ1962–63 እጅግ ቀዝቃዛ ወቅት በኋላ በመላው ብሪታንያ ወደ 10 ጥንድ አካባቢ ወርዶ ነበር። ስለዚህ ዛሬ በሂዙ ላይ ዛፍ የሚቆርጡ ሰዎችን የሚያይ መንገደኛ ደን እየጠፋ ነው ብሎ ሊቆጣ አይገባም፤ የሂዙ ዘበኞች የጥንት ባለወሎችን ሥራ በደመወዝ እየሠሩ፣ ከብትም መልሰው እያሰማሩ ናቸው።

በ2000 የወጣው የገጠርና የመንገድ መብቶች ሕግ ክፍት ምድርና የተመዘገቡ የወል መሬቶችን፣ በእንግሊዝ ብቻ 865,000 ሄክታር ያህል፣ ለእግረኛ ሲከፍት በቴምዝ ሸለቆ አሸዋማ ምድር ላይ አዲስ ጥያቄ መጣ። በ2005 የቴምዝ ቤዚን ሂዞች፣ ማለትም በሰሪ፣ በሃምፕሻየርና በበርክሻየር የተበታተኑ ከ8,000 ሄክታር በላይ የሆኑ መሬቶች፣ ለሦስት ወፎች ሲባል ልዩ ጥበቃ ተደረገላቸው፤ እነርሱም ዳርትፎርድ ዋርብለር፣ ውድላርክና በየፀደዩ ከሰሐራ በታች ካለው አፍሪካ እየመጣ በሌሊት የሚያድነው ናይትጃር ናቸው። የኋለኞቹ ሁለቱ እንቁላላቸውን መሬት ላይ ይጥላሉ፤ ዳርትፎርድ ዋርብለሩም ቢሆን በቁጥቋጦ ውስጥ ዝቅ ብሎ ነው የሚኖረው። ከገመዱ የተፈታ ውሻ ከመንገድ ሲወጣ እናቲቱ ወፍ ጎጆዋን ጥላ ትበራለች። በመሆኑም ከጥበቃው ክልል በ400 ሜትር ውስጥ አዲስ መኖሪያ ቤት መሥራት በመሠረቱ የማይፈቀድ ሲሆን፣ እስከ 5 ኪሎ ሜትር ባለው ክልል ቤት የሚሠራ ሁሉ እግረኛውን ከሂዙ የሚያርቅ አማራጭ የመናፈሻ ስፍራ እንዲያዘጋጅ ወይም ለዚያ የሚውል ገንዘብ እንዲከፍል ይገደዳል። ባለርስቱ ከአጥር ውጭ ያስቀረው እግረኛ፣ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ክርክር በኋላ በሩ ሲከፈትለት፣ ለወፎቹ ሲባል ሌላ መንገድ እንዲመርጥ ይለመናል፤ ውሻ ያለውም በወፎቹ የመራቢያ ወራት ውሻውን ከመንገድ እንዳያስወጣ ይጠየቃል። ብዙዎቹ አዳዲስ መናፈሻዎች የቀድሞ የእርሻ ማሳዎች ሲሆኑ፣ በዙሪያቸው የተነጠፈው ጠጠር መንገድ ውሻ የያዘ ሰው በአንድ ዙር ቢያንስ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል እንዲሄድ ታስቦ የተለካ ነው።